ጠላ የቧንቧን ውኃ ለምን ጠላ?

እንደሚታወቀው በአገራችን ለበዓል፣ ለማኅበር፣ ለሠርግና ለደቦ ከሚዘጋጁ መጠጦች መካከል ጠላ ቀዳሚውን ሥፍራ ይይዛል። ከደምበጫ ተነስቶ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አድርጎ ወደ ቡሬ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና የተከተለ መንገደኛ፣ በየመንደሩ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ማየቱ አይቀርም። ጣሳው «እዚህ ቤት ጠላ አለ» የሚል ማስታወቂያ ነው። ከዚያ ጣሳ ጀርባ ብዙ ጊዜ አንዲት እናት አለች፤ የልጆቿ ደብተርና የቤቷ ኪራይ የሚወጣው ከጋኑ ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ስለ ጠላ ውኃ ስናነሳ ዓላማችን ማንንም ለመጠጥ መጋበዝ አይደለም። የምናነሳው የእናቶችን ጉልበት፣ የቤተሰብን ጤናና የራሳችንን የሳይንስ ትምህርት የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳን አንድ የቆየ ጥፋታችን ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለን ቤተሰባችን ከምዕራብ ጎጃም ገጠር ወደ አንዲት የወረዳ ከተማ ገባ፤ በግቢያችንም ለመጀመሪያ ጊዜ ቧንቧ ተተከለ። እናታችን በቧንቧው ተደሰቱ፤ ለማኅበር የጠመቁት የመጀመሪያው ጠላ ግን አላማራቸውም። «ልጄ፣ የቧንቧው ውኃ ለመጠጥ ደግ ነው፤ ለጠላ ግን አይሆንም። መድኃኒት መድኃኒት ይላል፤ ጥንስሱም ይሰንፋል» አሉን። እኛም በክረምት ዕረፍት ከግቢ በተመለሰ ተማሪ ኩራት «እማዬ፣ ውኃ ውኃ ነው፤ ሁለት ሃይድሮጂንና አንድ ኦክስጂን ነው» ብለን መለስን። እናታችን አልተከራከሩም። በማግሥቱ ግን ታናሽ እህታችን ጀሪካን ተሸክማ ወደ ምንጩ ወረደች። ቧንቧው እግቢያችን ቆሞ እያለ እህታችን ለጠላ ውኃ ዳገት ስትወጣና ስትወርድ ዓመታት አለፉ።

ዛሬ ላይ ሆነን ስናስበው እናታችን ትክክል ነበሩ። ምላሳቸውና አፍንጫቸው ሁለት የተለያዩ የኬሚስትሪ ክስተቶችን ለይተው አውቀዋል። ስህተቱ የእኛ ነበር፤ የተማርነውን ቀመር ይዘን ያልተማርነውን ውኃ ፈረድንበት። የዚህ ጽሑፍ አቋምም ይኸው ነው፦ የጠላ ጠማቂ እናቶች በቧንቧ ውኃ ላይ የሚያሰሙት ቅሬታ በሳይንስ የሚደገፍ ነው። መልሱ ግን ወደ ወንዝ መመለስ አይደለም፤ የቧንቧውን ውኃ ለጠላ እንዲስማማ ማድረግ ነው። ይህንን ማስረዳት ደግሞ የሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን ድርሻ ነው።

ውኃው ከየት ይመጣል? ምንስ ይዞ ይመጣል?

ዝናብ ከሰማይ ሲወርድ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው። ወደ አፈር ሲሰርግ ከዕፀዋት ሥርና ከብስባሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያሟሟና ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ ደካማ አሲድ በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ሥር የተነጠፈውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልቱን፣ ቀስ በቀስ ይበላዋል። በዚህም የተነሳ የባዛልት አገር የከርሰ ምድር ውኃ በአብዛኛው ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ባይካርቦኔት የተባሉትን ይዞ ይወጣል። ውኃው በድንጋይ ውስጥ የቆየበት ጊዜ በረዘመ መጠን የሚይዘው ማዕድን ይበዛል። አጭር መንገድ ተጉዞ ከዳገት ሥር የሚፈልቅ ምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የሚሳብ ውኃ በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ የተለያየ ጠባይ ሊያሳዩ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውኃ ጠንካራ ውኃ ይባላል። ሳሙና አያረፋም፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥም ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ባይካርቦኔት የበዛበት ውኃ ደግሞ አልካሊነቱ ከፍ ያለ ነው እንላለን። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚገኙ እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ፤ ለጠማቂ ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ጠላ የሚያውከው በዋናነት አልካሊነቱ ነው።

አልካሊነት ሲባል ፒኤች ማለት አለመሆኑንም ልብ ይሏል። በፊዚክስ ቋንቋ ለማስረዳት ያህል፣ ፒኤች እንደ ሙቀት መጠን ነው፤ አልካሊነት ግን እንደ ሙቀት የመያዝ አቅም ነው። አንድ ስኒ ውኃና አንድ በርሜል ውኃ እኩል 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በርሜሉን ለማፍላት የሚያስፈልገው ማገዶ ግን እጅግ ይበልጣል። እንዲሁም ሁለት ውኃዎች እኩል ፒኤች እያላቸው አንደኛው በጥቂት አሲድ ሲለወጥ፣ ባይካርቦኔት የበዛበት ሌላኛው ግን «አልለወጥም» ብሎ ይከራከራል።

ሁለቱ የጠላ ጠላቶች

የመጀመሪያው ጠላት ይኸው ተከራካሪ ባይካርቦኔት ነው። በብቅል ውስጥ ያሉት ኤንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡት ፒኤቹ ከ5.2 እስከ 5.6 ሲሆን በተሻለ ሁኔታ ነው። ባይካርቦኔት የበዛበት ውኃ ድፍድፉን ከዚህ መጠን በላይ ያቆየዋል። በዚህም ሳቢያ የስኳሩ ምርት ይዘገያል፤ ከእህሉ ገለባም አፍን የሚያደርቅ ጣዕም ይወጣል። ጠላን ጠላ የሚያሰኘው እርሾ ብቻ አለመሆኑም የታወቀ ነው፤ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችም አብረው ይሠራሉ። ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ጠላ ማይክሮባዮሎጂ ያደረጉትን ጥናት ሲኔት በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ማሳተማቸው ይታወሳል። ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩትን አሲድ ባይካርቦኔቱ እየተቀበለ ሲያጠፋው «ጥንስሱ ይሰንፋል»። ጠላው በመጨረሻ በውኃ ሲሞላም ያው አልካሊነት አሲዱን ይሸረሽራል፤ አሲድነቱ የቀነሰ ጠላ ደግሞ ሳይበላሽ የመቆየት አቅሙ ይደክማል።

ሁለተኛው ጠላት ክሎሪን ነው። ክሎሪን ለሕይወታችን ወዳጅ መሆኑን በቅድሚያ መናገር ይገባናል፤ ከተቅማጥና ከታይፎይድ የሚጠብቀን እርሱ ነው። ነገር ግን ጋን እንደምናውቀው በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭስ ደግሞ ፌኖል በተባሉ ውሁዶች የተሞላ ነው፤ የጠላን መዓዛ ከሚሰጡት አንዱ ይኸው ነው። ክሎሪን ከፌኖል ጋር ሲገናኝ ክሎሮፌኖል የተባሉ ውሁዶች ይፈጠራሉ። እነዚህም በአንድ ሊትር ውስጥ በማይክሮ ግራም በሚለካ መጠን ቢገኙ እንኳ አፍንጫ የሚለያቸው፣ የሕክምና ቤት ሽታ ያላቸው ናቸው። «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» የተባለው እንግዲህ ይህ ነው። ውኃው ብቻውን ሲጠጣ ይህ ሽታ የለውም፤ በታጠነው ጋን ውስጥ ሲገባ ግን ይወለዳል። እናታችን «ለመጠጥ ደግ ነው፤ ለጠላ ግን አይሆንም» ያሉት ስለዚህ ነበር።

ጠላ ለሳይንስ ያንሳልን?

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን ይህን ርዕስ ሲሰሙ ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። «የዩኒቨርሲቲ መምህር በጠላ ጉዳይ ይጽፋል?» የሚል ጥያቄም ቀርቦልናል። መልሳችን ከሳይንስ ታሪክ የተወሰደ ነው። የፒኤችን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ያስተዋወቀው ሶረን ሶረንሰን ይሠራ የነበረው በኮፐንሃገን በካርልስበርግ የቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ነው። ስሙ የኃይል መለኪያ ሆኖ በየመማሪያ መጽሐፋችን የሚገኘው ጄምስ ጁል የቢራ ጠማቂ ቤተሰብ ልጅ ነበር። በስታቲስቲክስ ትምህርት «ቲ ፈተና» የምንለውን ዘዴ መሠረት የጣለው ዊልያም ጎሴት በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ጽሑፉን ያሳተመው «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ነው። ከጠመቃ ቤት የተወለደውን ሳይንስ እየተማርን የራሳችንን ጋን መናቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ለዶክትሬት ትምህርት በጀርመን አገር በቆየንባቸው ዓመታት ይህ ሐሳብ ይበልጥ ግልጽ ሆነልን። የሙኒክ አካባቢ ውኃ አልካሊነቱ ከፍ ያለ በመሆኑ ከተማዪቱ ለረጅም ዘመን የታወቀችው በጠቆረ ቢራ ነበር፤ የደብሊንም እንዲሁ። በቼክ አገር የምትገኘው የፒልሰን ከተማ ግን ውኃዋ እጅግ ለስላሳ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ1842 ወርቃማውን ቢራ አስገኘች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በደንብ የተቆላ እህል በውኃ ውስጥ አሲድነትን ይጨምራልና የባይካርቦኔትን ክርክር ይሰብራል። የእንግሊዟ በርተን ከተማ ውኃ ደግሞ በጣም ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ጥንካሬው በዓባይ ሸለቆ በጎሃ ጽዮን በኩል እንደሚታየው ካለ የጂፕሰም ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ፈካ ላለ ቢራ ተስማማ። ጀርመናዊው ፓውል ኮልባኽ እ.ኤ.አ. በ1953 ይህን በቁጥር አስቀመጠው፤ በድፍድፍ ውስጥ ካልሲየም የአልካሊነትን ጉልበት እንደሚቀንስ፣ ማግኒዚየም ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል እንደሚያግዝ አሳየ። ጥንካሬና አልካሊነት አንድ አይደሉም ያልነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ስንረዳ ወደ አእምሯችን የመጣው የእናታችን አሻሮ ነበር። በደንብ የተቆላው ገብስና ጠቆር ብሎ የተጋገረው ቂጣ የሙኒክ ጠማቂዎች በጠቆረ ብቅል የሠሩትን ሥራ ይሠራሉ። ጌሾም ቢሆን በሳይንስ ዓይን የሚናቅ አይደለም፤ ብርሃኑ አበጋዝና ታደሰ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1995 መራራውን ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ለይተው ጌሾይዲን የሚል ስም ሰጥተውታል። የጌሾው ስም ወደ ዓለም ሳይንስ መዝገብ ገብቷል ማለት ነው።

እንግዲያውስ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ማሳደር። የቧንቧውን ውኃ አፈ ሰፊ በሆነ ንጹሕ ዕቃ ቀድቶ፣ በነጠላ ጨርቅ ሸፍኖ ማሳደር ነው። በውኃው ውስጥ ያለው ነጻ ክሎሪን አብዛኛው ይተናል። ይህ ምንም ወጪ የለውም። ክሎሪኑ የሄደለት ውኃ ጠባቂ ስለሌለው ግን ሳይዘገይ ለጠመቃው ይዋል።

ሁለተኛ፣ ማፍላትና ማዝቀጥ። ውኃ ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ ካልሲየም ባይካርቦኔቱም ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ተለውጦ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ሲበርድ ከላይ የጠራውን ቀስ አድርጎ መቅዳት፣ ዝቃጩን መተው ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን በቂ ነው።

ሆኖም እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ። 20 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 94 ዲግሪ ለማድረስ 6,200 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 16,000 ኪሎ ጁል ገደማ ይሰጣል፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ግን ወደ ውኃው የሚገባው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህሉ ነው ብንል፣ ለአንድ ጀሪካን ውኃ ወደ 4 ኪሎ ማገዶ ይነዳል። 100 ሊትር የሚይዝ ጋን ለመሙላት 20 ኪሎ ማለት ነው። «ውኃውን አፍሉት» ብሎ መምከር ለመካሪው ቀላል ነው፤ የባሕር ዛፍ እንጨት በሸክም ለምትገዛ እናት ግን ትርፏን የሚበላ ምክር ነው። ስለዚህ ማገዶ ካነሰ የሚፈላው የጥንስሱ ውኃ ብቻ ይሁን። መጠኑ ትንሽ ነው፤ የጠላው ዕድል የሚጀመረውም እዚያ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ የዝናብ ውኃን መቀላቀል። የዝናብ ውኃ ለስላሳ ነው። አልካሊነቱ 300 ሚሊ ግራም በሊትር የሆነ የቧንቧ ውኃ እኩል ከሆነ የዝናብ ውኃ ጋር ቢቀላቀል ወደ 150 ገደማ ይወርዳል። በአካባቢው በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ 30 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ከዚህ መጠን አምስተኛው ቢባክን እንኳ 24,000 ሊትር ይሰበስባል። የመጀመሪያውን ዝናብ ጣሪያውን እንዲያጥብ መልቀቅ፣ ቀጥሎ ያለውን በሮቶ ወይም በተከደነ በርሜል ማጠራቀም ይገባል። ከመጠመቁ በፊትም እንደ ውኃ አጋር ባለ የክሎሪን መድኃኒት አክሞ ማሳደር ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ አሲድ መጨመር። ጥንስሱን አንድ ቀን ማቆየት፣ አሻሮውን ጠቆር ማድረግ፣ ወይም ጥቂት ሎሚ መጠቀም ይቻላል። አልካሊነቱ 250 ሚሊ ግራም በሊትር ለሆነ 20 ሊትር ውኃ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ የሎሚ ጭማቂ አብዛኛውን አልካሊነት ይሰብራል። ጣዕም ሊለውጥ ስለሚችል በትንሽ ማሰሮ መጀመር ይመረጣል።

ማስጠንቀቂያም አለን። ኖራ በመጨመር ውኃ ማለስለስ ይቻላል፤ ስኮትላንዳዊው ቶማስ ክላርክ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1841 አስመዝግቧል። ነገር ግን ልኬት የሌለው ኖራ ውኃውን ይባስ አልካሊ ያደርገዋል፤ የግንባታ ኖራም ለምግብ አይሆንም። ጥንካሬን በጨው የሚለውጡ ማለስለሻ መሣሪያዎችም ካልሲየሙን ወስደው ሶዲየም ይተካሉ እንጂ ባይካርቦኔቱን አይነኩትም፤ ወዳጁን አባርረው ጠላቱን ይተዋሉ። ማፍላትም ለሁሉም ነገር መድኃኒት አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ ያለውን የፍሎራይድ ችግር ለምሳሌ አያስወግድም።

ወንዙስ?

«ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? የብር ወይም የፈጣም ወንዝ፣ አለዚያም የመንደሩ ምንጭ ለስላሳ ከሆነ ከዚያ ይቀዳ» የሚል አንባቢ ይኖራል። የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንስማማ ነበር። ነገር ግን ጠላው በመጨረሻ የሚሞላው ባልፈላ ውኃ ነው። የጠላ አልኮል ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ ገደማ ነው፤ ይህ መጠን ጀርሞችን አያጠፋም። አሲዱም ያግዛል እንጂ ዋስትና አይሆንም። ከብት የሚጠጣበትና ጎርፍ የሚገባበት ውኃ ወደ ጋን ሲገባ ሕመሙ የሚደርሰው ለጠጪው፣ ለጠማቂዋና ለቤተሰቧ ነው። ከዚህም በላይ ጀሪካኑን የምትሸከመው ብዙ ጊዜ ከትምህርት ገበታዋ የምትቀር ልጅ ናት።

የእኛ ድርሻ

ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሳለን ስለ ጠንካራ ውኃ ተምረናል፤ ፈተናም ወድቀንበታል፣ አልፈንበታልም። ሆኖም ያ ትምህርት ከጋኑ ጋር መገናኘቱን ማንም አልነገረን። በመማሪያ ክፍልና በጓዳ መካከል ያለው ይህ ግድግዳ መፍረስ አለበት ብለን እናምናለን።

መሣሪያው ደግሞ በእጃችን ነው። 100 ሚሊ ሊትር የቧንቧ ውኃ፣ ጥቂት ጠብታ ሜቲል ኦሬንጅ፣ ቢዩሬትና 0.02 ኖርማል ሰልፈሪክ አሲድ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልካሊነትን መለካት ይችላል። ቀለሙ ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ ሲለወጥ የፈሰሰው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር አሲድ 10 ሚሊ ግራም በሊትር አልካሊነትን ይወክላል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያሉ የሳይንስ ክበባት በበጋና በክረምት የየቦኖውን ውኃ በመምህራቸው መሪነት ለክተው ቁጥሩን ቦኖው ላይ ቢለጥፉ፣ ማን ማሳደር ብቻ እንደሚበቃው፣ ማን ማፍላት እንደሚያስፈልገው ይታወቃል። የውኃ አገልግሎት ቢሮዎችም የሚያሠራጩትን ውኃ ትንተና ለሕዝብ ግልጽ ቢያደርጉ መልካም ነው።

ሌላም ቀላል ሙከራ እንጠቁም። ሦስት እኩል የታጠኑ እንስራዎች ይዘጋጁ። በአንደኛው የቧንቧ ውኃ እንዳለ፣ በሁለተኛው ያደረ፣ በሦስተኛው ፈልቶ የተዘቀጠ ውኃ ይግባ፤ እህሉ፣ ብቅሉና ጌሾው እኩል ይሁን። ከዚያም የትኛው የት እንዳለ ሳይነገራቸው የመንደሩ ጠማቂ እናቶች ይፍረዱ። ዳኞቹ እነርሱ መሆናቸው አስፈላጊ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከእነርሱ የተሻለ መለኪያ በቤተ ሙከራችን የለምና።

ለማጠቃለል ያህል፣ ሳይንስ ወደ ሕዝብ የሚደርሰው ሕዝቡ ያየውን ነገር በማክበር ሲጀምር ነው። ውድ ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው የክረምት ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ እናቶቻችሁ ስለ ውኃው የሚሉትን አድምጡ፤ እኛ በወጣትነታችን የሰጠነውንም መልስ አትስጡ። ይልቁንስ ማታውኑ በሰፊ ዕቃ ውኃ ቀድታችሁ፣ ነጠላ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ አሳድሩላቸው። እህቶቻችሁም በማግሥቱ ጠዋት ወደ ምንጩ ሳይሆን ወደ ትምህርት ቤት ይሂዱ።

ቸር እንሰንብት።